ለመሪጌታ ካሜራ የሚስማማ ፍላሽ

መሪጌታ ይትባረክ ማረፋቸውን ያረዱኝ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ናቸው። ስልኩን ሳነሳ ደህና አደርሽም ሳይሉኝ "ወለተ ሥላሴ፣ መምህራችን ዐረፉ" አሉኝ። መሐል ሜዳ ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ያን ሰዓት አንድ ሰውዬ ለመታወቂያ ሊነሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን አስግጎ ይጠብቀኛል። "ተነስና ነገ ና" አልኩት። "ምነው፣ መብራት ሄደ እንዴ?" አለኝ። መብራቱስ አለ፤ ዓይኔ ነው እንጂ እንባ የሞላው። ነገ ና ብዬሃለሁ ብዬ አስወጣሁትና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር ማለት የተለመደ ነው። መሪጌታ ደግ ነበሩ፤ ነዝናዛም ነበሩ። ሁለቱን አብሬ ካልተናገርኩ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ከከተማችን ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት የገጠር ማርያም የዜማ መምህር ሆነው ኖረዋል። በገበያ ቀን ይመጡና መቋሚያቸውን ከሱቄ መስታወት ጥግ አስደግፈው፣ ለናሙና የሰቀልኳቸውን የሙሽራ ፎቶዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ያያሉ።

"ይሄ ሙሽራ ሚስቱን አይደለም የሚያየው፤ አንቺን ነው። ምን ብለሽው ነው?"

"ቀጥ በል ብዬው ነው የኔታ።"

"ይኸው ቀጥ ብሎ ቀረ።"

ደንበኛ እየሰማ ነው እንዲህ የሚሉት። ሰው ከሳቀማ ይብስባቸዋል። ጥያቄ ሲጠይቁ ደግሞ ግራ እጃቸውን ዘርግተው በቀኝ ሌባ ጣታቸው መዳፋቸውን እየመቱ ነው። ከቃል ሁሉ የሚጠሉት "ምናልባት" የሚለውን ነበር። አንድ ጊዜ ለሬዲዮናቸው ባትሪ ሲገዙ "ምናልባት ሁለት ወር ይቆይልዎታል" ብላቸው ባትሪውን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ምናልባትን ለነገው ዝናብ አስቀምጪው" አሉኝ። "ስለ ዕቃ ስጠይቅሽ ነው በይኝ፤ ወይ አይደለም በይኝ።" ተናድጄ "ሁለት ወር ይቆያል" አልኳቸው። ባትሪው ቆየ። ባይቆይ ኖሮ የሚሉኝን እያሰብኩ ስንት ቀን ተጨንቄያለሁ።

በደንብ ያቀራረበን ግን ካሜራ ነው። አዲስ አበባ የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ጥሩ ስልክ ስትይዝ ትንሿን ዲጂታል ካሜራዋን ሰጥታቸው ነበር። መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ኪስ የምትገባ ናት። አጠቃቀሟን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ቁልፎቿን እንደ ዜማ ምልክት በቃላቸው ያዙ። ታዲያ አንድ ቀን መጥተው "ፍላሽ ስጪኝ" አሉኝ። መዝሙር የሚጫንበትን መስሎኝ ያቺን ትንሽ ነገር አውጥቼ ሰጠኋቸው። "እሱን አይደለም፤ የሚበርቀውን ነው። ለካሜራዬ የሚስማማ፣ ጉልበት ያለው" አሉ። ትንሿ ካሜራ እኮ የራሷ ፍላሽ አላት፣ ምን ያደርግልዎታል ብላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

መሪጌታ እናታቸውን አያውቋቸውም። ገና ጡት ሳይጥሉ ነው እናትየው ያረፉት፤ አክስታቸው ናቸው ያሳደጓቸው። ያን ጊዜ በዚያ አገር ፎቶ የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን የማርያም መቅደስ ሲሳል አባታቸው ለሠዓሊው ቀለብ ሰፍረው ኖሮ፣ ሠዓሊው እንደ ወጉ ሰጪውን ከእመቤታችን እግር ሥር ሊስላቸው ሲል "እኔን ተወኝ፣ ሚስቴን አድርግልኝ" አሉት። እናትየው እጃቸውን ዘርግተው፣ ተንበርክከው ተሳሉ። በዓለም ላይ ያለው መልካቸው እሱ ብቻ ነው።

ያ ግድግዳ ሊፈርስ ነው። ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ምእመኑ ተመካክሮ ከፋሲካ በኋላ ታቦቱን ወደ ጊዜያዊው መቃኞ አውጥቶ፣ አሮጌውን አፍርሶ በአዲስ ሊሠራ ወስኗል። ሥዕሉ ሸራ ላይ ቢሆን ተላጦ ይወጣ ነበር። ልስኑ ላይ የተቀባ ስለሆነ ከድንጋዩ ጋር ነው የሚወርደው።

"ዕድሜ ልክዎን እዚያው አገልግለው መልካቸውን አያውቁትም?" አልኳቸው።

"ጨለማ ነው ልጄ። መጋረጃ አለ። ጥግ ነው። በጧፍ ሳያቸው እጃቸውና ነጠላቸው ይታየኛል፤ ፊታቸውን ጢሱ ይዞታል። ባትሪ ሳበራ ቀለሙ ያብረቀርቅና መልሶ እኔኑ ይወጋኛል። ዓይኔም ደክሟል። በእጄ ይዤ፣ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ነው ላያቸው የምፈልገው።" ከዚያ መዳፋቸውን በጣታቸው መምታት ጀመሩ። "እኔ ሸምግያለሁ ወለተ ሥላሴ። ላገኛቸው ተቃርቤያለሁ። እዚያ ያለውን የእናት ብዛት እስቲ አስቢው። መልካቸውን ሳላውቅ በምን እለያቸዋለሁ?"

እየሳቁ ነው ይሄን ያሉት። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ትልቁን ካሜራዬን ልስጥዎት ብላቸው አሻፈረኝ አሉ፤ የሚያውቁት ይቺን ነው። እኔ ልምጣና ላንሳልዎት እንዳልላቸው፣ ሥዕሉ ያለው በምዕራብ በኩል ካህናቱ በሚቆሙበት ነው፤ እዚያ ሴት አትገባም። በስልክም ተሞክሯል። ጨለማው አሸንፎት ጤፍ የተበተነበት የመሰለ ነገር ነው ያመጣው። በካሜራዋ በራሷ ፍላሽ ያነሱትን ደግሞ አሳዩኝ፦ ዘይት ቀለሙ ብርሃኑን እንዳለ መልሶ፣ ልክ የእናትየው ፊት ላይ ሲደርስ ነጭ እድፍ ሆኗል። ሌላ ቦታ ቢያርፍ ምን ነበረበት።

እንግዲህ ፍላሽ ፍለጋ ተጀመረ። እኔ ሳልሰማ ደብረ ብርሃን ያለ ዘመዳቸው አንድ ትልቅ፣ የሚያምር ፍላሽ ገዝቶ ላከላቸው። ይዘውት ሲመጡ ከሩቅ ሳየው ነው ያወቅኩት። እንዲህ ያለው ፍላሽ ከሥሩ እግር አለው፤ ትልልቅ ካሜራዎች ደግሞ አናታቸው ላይ ያ እግር ተንሸራቶ የሚገባበት ብረት አላቸው፤ ካሜራው ተኩስ የሚለውም በዚያ ብረት በኩል ነው። የመሪጌታ ካሜራ አናቷ ልሙጥ ነው። እሳቸው ግን ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ቀጭን ልጥ ቆርጠው ሁለቱን እንደ በሬ ጠምደዋቸዋል። ካሜራዋ ጠቅ ትላለች፣ ትልቁ ከላዩ ተቀምጦ ዝም ይላል።

"ለምንድን ነው የማይሰማት?" አሉኝ።

"የሚነጋገሩበት የለም የኔታ። ማሰር ማግባባት አይደለም።"

"ስንት ባልና ሚስት እንደዚህ አስረናል" አሉና ጎማውን መፍታት ጀመሩ።

አናቱ ልሙጥ ለሆነ ካሜራ የሚሆነው ዓይን ያለው ፍላሽ ነው። ሽቦም፣ ብረትም አይፈልግም። ራቅ ተደርጎ ይቆማል፤ የካሜራዋ ትንሽ ፍላሽ ስትበራ በዓይኑ ያያታል፣ እሱም ያኔውኑ አብሯት ይበራል። እንዲያ ያለውን አዲስ አበባ ላለ ዕቃ አቅራቢዬ ነግሬ አስመጣሁ። መጣ። ሱቄ ውስጥ መጋረጃ ዘግተን ሞከርነው። በራ። መሪጌታ "አየሽ፣ ሰማት" ብለው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። ፎቶውን ስንከፍተው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ደገምነው፤ ይበራል፣ ፎቶው ጨለማ ነው። ሁለታችንም በዓይናችን ብርሃን አይተናል፤ ካሜራዋ አላየችም።

ነገሩን ያገኘሁት ነገሩን ትቼ ምሳ እየበላሁ ነው። እነዚህ ትንንሽ ካሜራዎች አንድ ጊዜ አይደለም የሚያበሩት። መጀመሪያ ጥቅስ አድርገው ጨለማውን ይለካሉ፤ ከዚያ ነው የምሩን የሚያበሩት። ዓይናችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያየው። የኛ ፍላሽ ደግሞ በጥቅሻዋ ተታሎ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያፈስና፣ የምሩ ሲመጣ ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል። ስለዚህ ዓይን ያለው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የመጀመሪያዋን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ፣ ሁለተኛዋን የሚጠብቅ መሆን አለበት። ሻጩ ይሄን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ደውዬ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ያንን ፍላሽ መሪጌታ አልጣሉትም፤ ቤታቸው ወስደው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። የበልግ ዝናብ በጣለ ቀን፣ ከወንዙ ማዶ መብረቅ ብልጭ ሲል እሱም ከመደርደሪያው ላይ ብልጭ ብሎ መለሰ። ባለቤታቸው እማማ ዘነበች ጥሬ የያዘ ሰፌዳቸውን ጥለው ውጭ ወጡ። መሪጌታ ሱቄ መጥተው ይሄን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪወርድ ነበር የሳቁት። "ለእኔ እምቢ ያለው ለመብረቅ ታዘዘ" አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ፋሲካ ደረሰ ወለተ ሥላሴ" አሉ።

ደርሷል። ሦስተኛውን ሳዝዝ ሻጩን እንደ መሪጌታ ነው የጠየቅኩት፤ መዳፌን እየመታሁ ሁሉ ሳይሆን አይቀርም። ትንሽ ካሜራ ላይ፣ ያለ ሽቦ ይሠራል? ነው ወይስ አይደለም? የመጀመሪያዋን ብልጭታ የሚያልፍበት ቁልፍ አለው? ነው ወይስ አይደለም? አንገቱስ ይዞራል? የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይጎርሳል? "እህቴ፣ ምናልባት" ብሎ ሲጀምር ስልኩን ዘጋሁበትና ሌላ ሻጭ ጋ ደወልኩ። ዕቃው በሚኒባስ መጣ። ሱቅ ውስጥ ሞከርነው፤ ፎቶው ቀን ሆነ። መሪጌታ አላጨበጨቡም፣ መቋሚያም አልመቱም። "መቼ እንሂድ?" ብቻ አሉ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ታቦቱ ወደ መቃኞ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ሄድን። ቅዳሴ ወጥቷል፤ ሰው ተበትኗል። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። የጓሳ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ቄሰ ገበዙ ቁልፉን እያንቀጫቀጩ መጡና ፍላሹን አገላብጠው አዩት። "መብረቅ ይዘህ ልትገባ ነው?" አሏቸው መሪጌታን። አብሮ አደጎች ናቸው፤ አንተ ነው የሚባባሉት። መሪጌታም "መብረቅ ስለ ማን ብሎ ያበራል? ይሄ ስለ እናቴ ነው" ብለው አልፈዋቸው ገቡ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፦ ትልቁ በቀጥታ ሥዕሉን አይመታም፤ ያብረቀርቃል። ከጎን ይቆማል፣ አንገቱ ወደ ነጭ ነገር ይዞራል፤ ብርሃኑ ነጩን ነክቶ ለስልሶ ይመለሳል። ግድግዳው በጢስ ጠቁሯልና ነጭ ያልኩት የቄሰ ገበዙን ጋቢ ነው። እያጉረመረሙ ዘርግተው ያዙ።

"ይጫኑት የኔታ" አልኩ ከውጭ።

ጠቅ ሲል ሰማሁ። ብርሃን የለም።

"ትልቁ ተኝቷል" አሉ ከውስጥ።

"ትልቁ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በርታለች?"

"በርታለች።"

"ዓይኑ ወደ ካሜራዋ ዞሯል?"

"ዞሯል።"

ሌላም ጠየቅኩ፤ ሁሉም ደህና ነው። ደገሙት፤ ጠቅ፣ ዝም። ወገቤን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ መግባት አልችል፣ ማየት አልችል። ፊቴ የተሰነጠቀው ግድግዳ ነው፤ ከመሠረቱ አጠገብ የማፍረሻው እንጨት ተከምሯል። ሳምንት ነው ያለን። በመጨረሻ "ትንሿስ? የካሜራዋ የራሷስ በራች?" አልኩ።

ከውስጥ የቄሰ ገበዙ ማጉረምረም ብቻ ይሰማል።

"የኔታ፣ ትንሿስ?"

"እሷን ሸፍኛታለሁ።"

"በምን?"

"ከጧፉ ሰም ቆርሼ ለጠፍኩባት።"

"ስለ ምን?"

"እንዴት ስለ ምን ትዪኛለሽ?" አሉ፣ ድምፃቸው ከውስጥ እየተስተጋባ። "ትልቁን ወደ ጋቢው አዙሩት ስትዪኝ ደስ አለኝ። ይቺ ግን ቀጥታ ወደ እመቤታችን ፊት ነው የምትተኩሰው። ተራ ሽማግሌ ፊት ላይ እንኳ ባትሪ አይበራም። ያኔ ባለማወቅ አድርጌዋለሁ፤ ንስሓ ገብቼበታለሁ። አሁን እያወቅኩ አላደርገውም።"

በጣም ተናደድኩ። ሦስት ፍላሽ ያንከራተተኝ ነገር በአንዲት ቁራሽ ሰም ሊቀር ነው። ትልቁ የሚጠብቀው እሷን ነው፣ እሷ ካልበራች ምኑን ይየው? ልጮህ አፌን ከፈትኩና ቦታው የት እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት። ዝም ብዬ ሳስበው ደግሞ ሥዕሉን እንድትነካው ማን አስገደዳት? ያን ነጭ እድፍ ያመጣችብን እሷው በቀጥታ ስታበራ ነው። ከትልቁ የምፈልገው እንዲያያት ብቻ ነው። ከቦርሳዬ አንድ ነጭ ወፍራም የፎቶ ወረቀት አውጥቼ አጠፍኩና በቄሰ ገበዙ በኩል ላክሁላቸው።

"ሰሙን ቀስ ብለው በጥፍርዎ ያንሱት። ወረቀቷን ከትንሿ ፊት ሰያፍ አድርገው ይያዙ። ብርሃኗ ወደ ሥዕሉ አይሄድም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ትልቁ ይሄዳል።"

"ፊቷን ታዞራለች ማለት ነው?"

"አዎ፣ ፊቷን ታዞራለች።"

"ይሄ ደግ ነው" አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሰሙን ሲፍቁ ሰማኋቸው።

በበሩ ስንጥቅ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቀን ሲሆን አየሁ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ደግሞ። ቄሰ ገበዙ "ጋቢዬ ተቃጠለ" ሲሉ ይሰማኛል፤ መሪጌታ "ዝም ብለህ ያዝ" ሲሏቸው ይሰማኛል። ሲወጡ ካሜራዋን ሰጡኝ። ከኋላዋ ባለችው ትንሽ መስታወት እንዲያዩት ብላቸው ፊታቸውን መለሱ። "እናቴን ጥፍር በምታህል መስኮት አላያቸውም" አሉኝ። "አጥበሽ አቆዪልኝ።"

ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ወንበሬ ላይ ተደግፌ ብዙ ቆየሁ። ብርሃኑ ከጎን ገብቶ ጢሱን አልፎታል። አንድም የሚያብረቀርቅ ነገር የለም። የነጠላው ጥለት ይታያል፤ የአንገት ማተቡ ይታያል። ፊቱ ምንም ሳይጎድል ይታያል። ጓደኞቼ ቀለሙን አድምቂው፣ ስንጥቁን ድፈኚው ቢሉኝ እሺ አላልኩም። እንዳለ በትልቁ አጠብኩት።

በሚቀጥለው ገበያ መጡ። ታቦቱ ወጥቷል፤ ግድግዳው ያን ዕለት ጠዋት መፍረስ ጀምሯል፤ በርኖሳቸው ላይ የልስን አቧራ ነበረበት። ሙሽሮቹን አላዩም፤ አልቀለዱም። ፎቶውን ሰጠኋቸው። ሳያዩት ገልብጠው ያዙና ወደ በሩ ወጥተው፣ ፀሐዩ ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ገለጡት።

በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሰላም ቢላቸው አልሰሙትም። እኔም ወጥቼ ከኋላቸው ቆምኩ።

"ወለተ ሥላሴ" አሉኝ በመጨረሻ።

"አቤት የኔታ።"

"ስንት ዓመት ትሆናለች?"

"ሃያም አይሞላት።"

"ሃያም አይሞላት" አሉ ቀስ ብለው። "ልጅ ናት እኮ።"

"ልጅ ናት የኔታ።"

"ከልጅ ልጄ ታንሳለች።" ጣታቸውን ወደ ጉንጯ አስጠጉና ሳይነኩት መለሱ። "እኔ እኮ ስፈልግ የኖርኩት አሮጊት ነው። ምርኩዝ የያዙ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ትልቅ ሴት። እዚያ ባገኛት ልጄ ደህና ነሽ ብዬ አልፌያት እሄድ ነበር።" ፎቶዋን ወደ ዓይናቸው አቀረቧት። "ይቺ ናት ወልዳኝ የሄደችው? ምን ያህል ፈርታ ይሆን?"

አለቀሱ። መንገደኛ እያያቸው፣ መሪጌታ ይትባረክ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራቸው መምህር፣ ሱቄ በር ላይ ቆመው እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል።

ሲረጋጉ ፎቶው እንዳይታጠፍ በካርቶን ላሽግልዎት አልኳቸው። እምቢ አሉ። በርኖሳቸውን ከፍተው፣ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ደረታቸው ላይ አስገቧት፤ ከላይ በጋቢው፣ ከጋቢው በላይ በበርኖሱ ሸፈኗት፤ በአንድ እጃቸው ደግፈው ያዟት። "ነፋሱ ክፉ ነው፤ ይበርዳታል" አሉኝና ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።